ወደ አሜሪካ ዳገት ነው እንዴ?

ትልቋ አክስቴ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን መጥተው ሦስት ወር ሰንብተው ተመለሱ። በገቡ በማግስቱ ደወልኩላቸው።

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«መንገዱስ ደህና ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ስመጣ አስራ ሰባት ሰዓት ተቀምጬ፣ መሃል ላይ የማላውቀው አገር ቆመን፣ እግሬ አብጦ ነው የደረስኩት። ስመለስ ግን አንዴ ተነሳን፣ አስራ ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ቦሌ። ወደ አሜሪካ ዳገት ነው እንዴ?»

ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄያቸው የሚሳቅበት እንዳልሆነ ገባኝ። ሁለቱ ከተሞች ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። አውሮፕላኑ ያው ነው፣ ወንበሩም ያው ነው። ታዲያ አራት ሰዓት የት ገባ?

ኢንተርኔት ላይ «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ የፈለገ ሰው አንዱ ጋ 13፣ ሌላው ጋ 14፣ ሌላው ጋ 17 ያነባል። ቲኬቱ ላይ ያለውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ብቻ ያየ ደግሞ 9 ሰዓት ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የሚገርመው፣ ሁሉም ከሆነ ቦታ የመጡ ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው። እስቲ ላስታርቃቸው።

ክርና ሉል

ከርቀቱ እንጀምር። ከቦሌ እስከ ደለስ በአየር ላይ ወደ 11,550 ኪሎ ሜትር ነው። (ደለስ ያልኩት የዋሽንግተኑን ኤርፖርት ነው፣ የቴክሳሱን ዳላስ አይደለም። ሁለቱን አምታቶ ሊቀበለኝ የተዘጋጀ ዘመድ አለኝ።) አሜሪካኖቹ ወደ 7,180 ማይል ይሉታል። አብራሪዎች ደግሞ በባህር ማይል ስለሚቆጥሩ ወደ 6,240 ይሉታል፤ አንድ የባህር ማይል 1,852 ሜትር ነው። ሦስት ቁጥር፣ አንድ ርቀት። ሰው «ማይል» ሲላችሁ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁ።

ይህ ቁጥር የሚለካው በምድር ገጽ ላይ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘውን አጭሩን መስመር ነው። ችግሩ፣ አጭሩ መስመር በለመድነው ካርታ ላይ ቀጥ ብሎ አይታይም። የትምህርት ቤታችሁን የግድግዳ ካርታ አስታውሱ። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ብታሰምሩ፣ መስመሩ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ይገባል። ያ መንገድ ግን አጭሩ አይደለም። ካርታው ድቡልቡሏን ምድር በግድ ዘርግቶ ያስተኛት ወረቀት ነው፤ ሲዘረጋት ሰሜኑን ለጥጦታል።

አሁን ሉል ፈልጉ። ከሌለ ብርቱካንም ያስኬዳል። ክር ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዛችሁ ወጥሩት። ክሩ ወደ ላይ ይሸሻል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳና ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ከዚያ ቱኒዚያንና አልጄሪያን ይነካል። ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ነው ወደ ውቅያኖሱ የሚወጣው። ውቅያኖሱ መሃል ላይ ደግሞ ከዋሽንግተን ከራሷ በላይ ወደ ሰሜን ይወጣና ተመልሶ ቁልቁል ይወርዳል።

ስለዚህ ፊታችሁ ባለው ስክሪን ላይ አውሮፕላኗ ወደ አውሮፓ ስታቀና አይታችሁ «ይሄ ሰውዬ የት እየወሰደን ነው?» ካላችሁ፣ ሰውየው አቋራጩን ይዟል።

የማቆሚያዎቹም ነገር እንዲሁ ዓይን ያታልላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ላይ ቆሟል። ካርታ ላይ ደብሊን «ምን ልንሠራ እዚያ ድረስ?» የምታሰኝ ናት። በሉል ሲለካ ግን ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ገደማ፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,465 ገደማ ነው። ሲደመር 11,830። ከቀጥታው የሚበልጠው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው፤ ለአውሮፕላን ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሎሜ በተቃራኒው መንገድ ላይ ያለች ትመስላለች። በእሷ በኩል ግን ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ጭማሪ። ሎሜ ጥቅሟ ሌላ ነው። የምዕራብ አፍሪካን መንገደኛ ለመሰብሰብ ትመቻለች፤ የአስካይ አየር መንገድ ማዕከልም እዚያው ነው።

ክሩ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሳ አየር መንገዶች የሱዳንን ሰማይ ትተው መዞር ጀመሩ። የሊቢያ ሰማይም ለዓመታት ሲሸሽ የኖረ ነው። እንግዲህ እዩት፤ አጭሩ መስመር ከኢትዮጵያ እንደወጣ የሚገባው እነዚሁ ሁለቱ ውስጥ ነው። መሬት ላይ የተዘጋ መንገድ ሰማይ ላይም ይዘጋል። ወረቀት ላይ ያለው 11,550 በተግባር የሚበረረው ርቀት ሳይሆን መነሻ ሂሳብ ነው።

ሰማይ ላይ ያለው ወንዝ

ቦይንግ 787ም ሆነ ኤርባስ ኤ350 ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። 11,550ን ለ900 ስናካፍል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይመጣል። ለመነሻ፣ ለማረፊያና መሬት ላይ ለመንፏቀቅ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 13 ሰዓት ከምናምን። ብዙዎቹ ርቀት አስሊ ድረ ገጾች የሚሰጧችሁ መልስ ይህ ነው። ድረ ገጾቹ ነፋስ የለም ብለው ነው የሚያሰሉት።

ነፋስ ግን አለ። ያውም ምን ዓይነት ነፋስ! ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ ራቅ ባለው የሰሜኑ አካባቢ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉድ ጠባብና ፈጣን የአየር ጅረት አለ። በአውሮፓና በአሜሪካ የቅዝቃዜ ወራት ይበረታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥንበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚፈጠረው በሞቃቱ የምድር ወገብ አየርና በቀዝቃዛው የዋልታ አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያጎነብሰው ደግሞ ምድር ስለምትሽከረከር ነው።

አውሮፕላን በዚህ ጅረት ውስጥ እንደ ዋናተኛ ነው። አባይን ከፍሰቱ ጋር የዋኘና ሽቅብ የዋኘ ሰው ክንዱ ያው ነው፣ ድካሙም ያው ነው፤ ዳር ላይ ቆሞ ለሚያይ ግን አንዱ ይበራል፣ ሌላው ይጎተታል። በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ይህን ጅረት ከኋላው አድርጎ ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ከድምፅ ፈጠነ ማለት ግን አይደለም። በዙሪያው ካለው አየር አንጻር እንደወትሮው ነው የበረረው፤ አየሩ ራሱ ነው ተሸክሞ የሮጠው።

ወደ እትዬ መስመር እንመለስ። ለምሳሌ ያህል በመንገዱ ሁሉ አማካዩ ነፋስ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል፤ 980 ይሆናል፣ 11 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ። ሲመጡ ከፊት ይመታል፤ 820 ይሆናል፣ 14 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። በአንድ መስመር ላይ የሁለት ሰዓት ከሩብ ልዩነት፣ ገና ምንም ማቆሚያ ሳይኖር።

አንድ ትንሽ ነገር ልብ በሉ። ነፋሱ የወሰደውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ያለ ነፋስ ደርሶ መልሱ 25 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነበር፤ ከነነፋሱ 25 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ሆነ። ምክንያቱም ነፋሱ ሲቃወመን ረጅም ሰዓት አብሮን ይቆያል፤ ሲያግዘን ደግሞ ቶሎ እንገላገለዋለን። አበዳሪ ነው፣ አስራ ሁለት ደቂቃ ወለድ ይዞ ይቀራል።

ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የሚመላለስ ሰው ይህን ሁሉ ብዙም አያየውም። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ከ2,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣሉ፣ አራት ሰዓት አካባቢ ናቸው። ያ ጅረት ከአጭር መንገድ ላይ ቢሰርቅም የሚሰርቀው ደቂቃ ነው። ወደ ቴል አቪቭማ መንገዱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሆነ ከጎን ነው የሚነካው።

በርበሬውና አውሮፕላኑ

ነፋሱ ሁለት ሰዓት ከሩብ አስረዳን። ቀሪው ማቆሚያው ነው። እትዬ ስመጣ ቆምን፣ ስመለስ አልቆምንም ያሉት ለምንድን ነው?

ቦሌ ኤርፖርት የመንገደኛ መመዝገቢያው ፊት ለፊት አንድ ትርኢት አለ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድለታል። ሻንጣው ሚዛን ላይ ይወጣል። 25.4። ልጅቷ አንገቷን ትነቀንቃለች። ሻንጣው መሬት ላይ ይተኛል፣ ዚፑ ይከፈታል፣ የድርቆሹ፣ የሽሮውና የበርበሬው ሽታ አካባቢውን ያውዳል። ቤተሰብ ይመክራል። ሽሮው ይውጣ? የለም፣ ሽሮው ይግባ ቡናው ይውጣ። አንዲት እናት ኩርማን ድርቆሽ ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ኪሎ በርበሬ በፌስታል ተጠቅልሎ ለሸኚው ይመለሳል።

ከዚህ ትርኢት ጥቂት ሜትሮች ርቀው፣ ቢሮ ውስጥ፣ የበረራ ዕቅድ የሚያወጡት ባለሙያዎች ከአውሮፕላኑ ጋር ይህንኑ ክርክር ይዘዋል። ምን ይግባ? ምን ይውጣ? እነሱ የሚከራከሩት በቶን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ ከባህር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቷል፤ ከባህር ጠረፍ አየር በግምት አንድ አምስተኛ ይጎድለዋል፣ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ። ለኛ አይታወቀንም፣ ለምደነዋል። የመጣው እንግዳ ግን ሁለት ፎቅ ወጥቶ ያለከልካል። ወጥ ቤትም ገብታችሁ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላው ለመብሰል የሚያንገላታን አየሩ ስለሳሳ ነው።

አውሮፕላን ደግሞ ከአየር ሌላ የሚደገፍበት ነገር የለውም። ክንፉን የሚያነሳው አየር ነው፤ ሞተሩ የሚተነፍሰውም አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ያንኑ ክብደት ለማንሳት ቦሌ ላይ ከባህር ጠረፍ ኤርፖርት ይልቅ ከአስር በመቶ በላይ ፈጥኖ መንደርደር ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ግን በዚያው ሰዓት ጉልበቱ ቀንሷል። መንደርደሪያው ረጅም ነው፣ ትልቁ 3,800 ሜትር። ቢሆንም መጨረሻ አለው። ጎማም ከዚህ በላይ አይሽከረከርም የሚባልበት የፍጥነት ጣሪያ አለው። ስለዚህ መፍትሔው አንድ ነው፤ ክብደት መቀነስ።

ምን ይቀነስ? ከሦስት ነገር አንዱ ነው። አውሮፕላኑ ራሱ፣ ሰውና ዕቃ፣ ወይም ነዳጅ። አውሮፕላኑን መቅደድ አይቻልም። የነዳጁን ብዛት ለመገመት ቦይንግ 787-8ን ውሰዱ። ሲነሳ ሊመዝን የሚችለው ቢበዛ ወደ 228 ቶን ነው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን 126,000 ሊትር ገደማ ነዳጅ ይይዛል፣ በክብደት ወደ 100 ቶን። ማለትም ከሙሉ ክብደቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የሚገርመው ደግሞ፣ ከዚያ ነዳጅ ጥቂት የማይባለው የሚቃጠለው ነዳጁን ራሱን ለመሸከም ነው። አህያ የራሷን ገለባ ተሸክማ ሩቅ አገር ስትሄድ አስቡት።

እንግዲህ ለምሳሌ «ዛሬ በዚህ ሙቀት 20 ቶን ቀንሱ» ቢባል አየር መንገዱ ሁለት ምርጫ አለው። በሰዓት 5 ቶን ገደማ የሚያቃጥል አውሮፕላን ከሆነ፣ 20 ቶን የአራት ሰዓት ነዳጅ ነው። ወይም አንድ ሰው ከነሻንጣው 100 ኪሎ ብለን ብናስብ፣ 20 ቶን ሁለት መቶ መንገደኛ ነው። ሁለት መቶ ሰው ቦሌ ጥሎ የሚበር አየር መንገድ አይከስርም? ስለዚህ ሰውንና ሻንጣውን ይጭናል፣ ነዳጁን ያሳንሳል፣ መንገድ ላይ ቆሞ ይሞላል። እትዬ «የማላውቀው አገር» ያሉት የነዳጅ ማደያ ነው።

በዚያ ላይ የፊቱ ነፋስ አለ። ተጨማሪ ነዳጅ የሚያስፈልገው በዚህኛው አቅጣጫ ነው፤ ነዳጅ መሸከም የሚያቅተውም በዚህኛው አቅጣጫ ነው። ሁለቱ ችግሮች ቀጠሮ የያዙ ይመስላሉ።

ደለስ ሌላ ዓለም ነው። ከባህር ወለል በላይ መቶ ሜትር አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው። አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፣ ሰውን ጭኖ፣ ከአሜሪካ የተሸመተውን ሁሉ ተሸክሞ ይነሳል፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን አቃጥሎ ቀሏል። ማረፍ ላይ ከፍታው ያን ያህል አያስቸግረውም። ሳይቆም ይገባል።

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ እንደኛው ከፍታ ላይ ናት። ኤምሬትስ በ2019 እ.ኤ.አ. ከዱባይ ሜክሲኮ ሲቲ በረራ ሲጀምር በባርሴሎና በኩል ያደረገው በዚሁ ከፍታ ሰበብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ላጥራ። ቲኬት ሻጩ «ቀጥታ በረራ ነው» ሲላችሁ ሳይቆም የሚሄድ ነው ማለት ላይሆን ይችላል። በአየር መንገዶች ቋንቋ ቀጥታ የሚባለው የበረራ ቁጥሩ የማይቀየር ነው፤ መሃል ላይ ቆሞ ነዳጅ ቢሞላም ቀጥታ ነው። «አውሮፕላኑ መሃል ላይ ያርፋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ማቆሚያ አትወርዱም፣ ወንበራችሁ ላይ ናችሁ። አብራሪዎቹና አስተናጋጆቹ ይቀየራሉ፣ ነዳጅ ይገባል፣ ጽዳት ይደረጋል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ እንደገና ዘንበል ማለት፣ እንደገና ሽቅብ መውጣት። ለዚህ ነው 14 የነበረው 17 የሚጠጋው።

ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት

አሁን ዘጠኙ ሰዓት ከየት መጣ? ከሰዓት ልዩነት ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ የየአገሩ ሰዓት ነው። የመነሻው በመነሻ አገር፣ የመድረሻው በመድረሻ አገር።

ለምሳሌ በአሜሪካ ዊንተር ማክሰኞ 23:00 ከቦሌ ተነስታችሁ ረቡዕ 08:00 ደለስ ብትገቡ፣ ወረቀቱ ዘጠኝ ሰዓት ይመስላል። በዚያ ወቅት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ዘጠኙ ላይ ስምንት ጨምሩ፤ 17። ስትመለሱ ማክሰኞ 10:00 ጠዋት ተነስታችሁ ረቡዕ 07:00 ቦሌ ብትደርሱ ወረቀቱ 21 ሰዓት ይላል። ስምንት ቀንሱ፤ 13። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ጨምሩ፣ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ቀንሱ።

ስምንቱ ሁልጊዜ ስምንት አይደለም። አሜሪካኖች በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ይገፉና በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። ወሮቹ የፈረንጆቹ ናቸው፣ ማርችና ኖቬምበር። እኛ ሰዓት አንነካም። ስለዚህ በሰመር ልዩነቱ ሰባት ነው። (ሰመር የምለው የነሱን በጋ ነው። አሜሪካ በጋ ሲሆን ኢትዮጵያ ክረምት ነው፤ ለዚህ ነው «በጋ ላይ እመጣለሁ» ብሎ ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሐምሌ ላይ ጃንጥላ የሚገዛው።)

ለሐበሻ ሰዓት ተጠቃሚ ደግሞ የምስጢር አቋራጭ አለ። ስድስት ሰዓት የሚለየው የኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ ይክሰናል። በሐበሻ ሰዓት ከምታዩት ላይ በሰመር አንድ ቀንሱ፣ በዊንተር ሁለት ቀንሱ፤ የዋሽንግተንን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሆነ ዋሽንግተን በሰመር ከቀትር በኋላ 2፡00፣ በዊንተር 1፡00 ነው። እናቴ በዚህ ዘዴ ነው የምትደውለው። በእኩለ ሌሊት ቀስቅሳኝ አታውቅም።

የሐበሻ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ግን ጉድ ይሠራል። የኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። የፈረንጁ በእኩለ ሌሊት ይቀየራል። ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ እያልኩ በራሴ ላይ ደርሶብኛል። ወደ ዱባይ የምሄድበት ቲኬት «ሐሙስ 00:35» ይላል። እኔም በአእምሮዬ ተረጎምኩት፤ ሐሙስ ከሌሊቱ 6፡35። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ስሰናበት ዋልኩ። እራት ተበላ፣ ተመረቅኩ፣ ታክሲ ተጠራ። ምሽት 3 ሰዓት ላይ ቦሌ ደርሼ ፓስፖርቴን ሰጠሁ። ልጁ ኮምፒዩተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ኮምፒዩተሩን አየ። «ወንድሜ፣ ይሄ አውሮፕላን ትናንት ሌሊት ነው የሄደው» አለኝ።

ሐሙስ 00:35 በኛ ረቡዕ ሌሊት ነው። ከ00:00 እስከ 05:59 የተጻፈ ማንኛውም በረራ ላይ ወደ ኤርፖርት የምትሄዱት ቲኬቱ ላይ ካለው ቀን በፊት በነበረው ምሽት ነው። ከቦሌ የሚነሱ ብዙ የረጅም ርቀት በረራዎች በሌሊት ስለሆኑ ይህ ስህተት ብርቅ አይደለም። (የሌሊቱ ቅዝቃዜ፣ በነገራችን ላይ፣ ለመነሳት ያግዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ከሙቁ ይወፍራል።)

ሰውነታችንም የራሱ ሰዓት አለው፣ እሱን ግን በአጭሩ ልለፈው። ብዙ ሰው ወደ ምዕራብ ሲሄድ ይቀለዋል፣ ወደ ምሥራቅ ሲመለስ ይከብደዋል። የሰውነት ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ትንሽ ስለሚረዝም ቀንን ማስረዘም ከማሳጠር ይቀለዋል። እትዬ አስራ ሦስት ሰዓት ብቻ በርረው ቢመለሱም ሳምንቱን ሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቡና ሲያፈሉ ነበር።

ባለፈው እሑድ ደውዬ ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዳገቱ ነፋሱ መሆኑን፣ አገሩማ እንዲያውም ቁልቁለት እንደሆነ፣ ቦሌ ተራራ ላይ ስለሆነች አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት እንደሚቸግረው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እና በርበሬዬን ነው ጥፋተኛ የምታደርገው?» አሉ።

«የሁላችንም በርበሬ ነው እንጂ!» አልኳቸው። ከዚያም ደስ እንዲላቸው ብዬ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ ላይ እንዲሠራ ስለታቀደው ትልቅ ኤርፖርት ነገርኳቸው። ቢሾፍቱ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ትላለች። አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ አውሮፕላኑም ብዙ ቶን ጨምሮ ይነሳል። የፊቱ ነፋስ እንዳለ ይቆያል፤ ክብደቱ ላይ ግን እፎይታ ነው።

ትንሽ ዝም አሉ።

«እሱስ ጥሩ» አሉ። «ከጉለሌ ቢሾፍቱ በዚህ የመኪና መጨናነቅ ስንት ሰዓት ነው?»